1879፦ ከአዳማ መናኸሪያ የሚነሱ ሁለት መንገዶችና ሦስት ጦርነቶች

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አዳማ መናኸሪያ የቆመ ሰው ጆሮው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመኪናው በር አውጥቶ “ኢተያ አሰላ! የሞላ፣ ኢተያ አሰላ!” ይላል። በሌላ በኩል “አዋሽ! ጭሮ! ሐረር!” ይጮኻል። የመጀመሪያው መንገድ ሄጦሳን አልፎ ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል። ሁለተኛው በበረሃው ዘልቆ፣ የጨርጨርን ተራራ ተያይዞ፣ ጨለንቆን ካለፈ በኋላ ሐረር ይገባል። ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እዚያ ቦታ ስቆም ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ ዓመት ነው፦ 1879።

በየካቲት አንድ ተማሪ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። የራስ አሉላ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ ሽለላ ተለቆበታል፣ በላዩ ላይ በትልቁ “አሰብ” ተብሎ ተጽፏል። አባቱ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጂቡቲ በኩል ስለሚገባ፣ በአዳማ የባሕር በር ጉዳይ የቴሌቪዥን ወሬ ብቻ አይደለም፤ አባት ስንት ቀን ከቤት እንደሚርቅ የሚወስን ነገር ነው። ልጁ ከልቡ ነበር የጠየቀኝ፦ “ቲቸር፣ አሉላ ዛሬ ቢኖር አሰብ የእኛ አይሆንም ነበር?”

በሁለት ደቂቃ ልመልስለት ሞከርኩ፣ ደወል ተደወለ። ይህ ጽሑፍ ያልጨረስኩለት መልስ ነው።

ከዶጋሊ ወዲያ ያለው ታሪክ

ልጁ የሚያውቀው እውነት ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ የጦር አዛዥ ራስ አሉላ ከምፅዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋ የጣልያን ጦር ከብበው ደመሰሱ፤ የተረፈው ጥቂት ነው። የማያውቀው ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ የሆነውን ነው።

ከዶጋሊ በፊት አንድ ውል አለ። በ1876 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዞች ጋር ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ በሱዳን በተነሱት መሐዲስቶች (የመሐዲ ተከታዮች) የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በግዛቷ በኩል ታስወጣለች፤ በልዋጩ ቦጎስ (የከረን አካባቢ) ይመለስላታል፣ በምፅዋ በኩልም ዕቃዋ፣ መሣሪያው ጭምር፣ ያለ ቀረጥ ያልፍላታል። አሉላ የድርሻቸውን ተዋግተው ፈጸሙ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ጣልያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምፅዋ ላይ ወረደ። የባሕር በር ጥያቄያችን ያኔም የተበላሸው በጦር ሜዳ አልነበረም፤ ዋስትና በሌለው ውል ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ወደብ ስንከራከር ይህ ገጽ ሲነሳ አልሰማም። ስሜት የሚቀሰቅሰው ዶጋሊ ስለሆነ ውሉን ዘለነዋል።

ከዶጋሊ በኋላ ደግሞ ጣልያን 20 ሺህ የሚያህል ጦር ላከ። አፄ ዮሐንስ በ1880 ዓ.ም. ሰሐጢ ድረስ ሠራዊታቸውን ይዘው ወረዱ። ጣልያን ከምሽጉ አልወጣም። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ስንቅ አለቀበት። በምዕራብ በኩል መሐዲስቶች የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውኃ ላይ አሸንፈው ጎንደርን አቃጥለው ነበር። በደቡብ በኩል የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከጎጃሙ ንጉሥ ጋር እየመከሩባቸው ነው የሚል ጥርጣሬ ያዛቸው። ዮሐንስ ሳይዋጉ ተመለሱ፣ ጎጃምን ቀጡ። ቅጣቱ የወደቀው በገበሬው ላይ ነው። ከዚያም ወደ መተማ ዞሩና በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ወደቁ። በሐምሌ 1881 ዓ.ም. ጣልያን አስመራ ገባ። በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ኤርትራ የተባለች ቅኝ ግዛት ታወጀች።

ከዶጋሊ ድል እስከ አስመራ መያዝ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ነው። አሉላ ያው አሉላ ናቸው፣ ጠላቱም ያው ጠላት ነው። መሬቱ ግን ሄደ። “አሉላ ቢኖር” ለሚለው ልጅ የምለው እንግዲህ ይህንን ነው፦ አሉላ ነበሩ እኮ። እሳቸው እያሉ ነው የሄደው።

ለምን? ከብቱን አስቡ። ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቡት የታመመ ከብት የተነሳው ወረርሽኝ ደጋውን ሁሉ ጠረገው። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ አያቶቻችን “ክፉ ቀን” የሚሉት ረሃብ መጣ። ጌቶቹም እርስ በርስ ተኳርፈው ነበር። ገበሬው ሲራብ፣ መሳፍንቱ ሲጣሉ፣ የአንድ ቀን ድል አንድ ክረምት አላሻገረም።

ድንጋይ የተሸከመ ጀግና

አሁን ከዶጋሊ ዘጠኝ ዓመት እንለፍ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ። ያው ጣልያን ነው፣ ያው አሉላ ናቸው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። በመካከሉ የሆነው ነገር ነው በትምህርት ቤት ፕሮግራም ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈው።

ዮሐንስ በሞቱ በሁለት ወር ውስጥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከጣልያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። ስለ አንቀጽ 17 ሁሉም ያውቃል፦ አማርኛው ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል ለመነጋገር “ቢፈልጉ ይችላሉ” ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ብዙ የማይነገረው ሌላው አንቀጽ ነው። ምኒልክ በዚያ ውል ጣልያን በኋላ የያዘውን የደጋ መሬት አወቁለት፤ አሉላ አስመራ ተቀምጠው ሲገዙት የነበረውን፣ የተዋጉለትን መሬት። ጣልያንም ለምኒልክ ጠመንጃና ብድር ሰጠ።

ይህ በአሉላ ላይ ምን ያህል እንደከበደ ለማሰብ ሞክሩ። ጌታቸው ሞተዋል፣ አገራቸው ተወስዷል፣ ከጠላታቸው ጋር የተዋዋለው ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። ሆኖም በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻ ዮሐንስና ራስ አሉላ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክመው፣ ምኒልክን ይቅርታ ጠየቁ። ምኒልክም ተቀበሏቸው። ለእኔ የአሉላ ትልቁ ጀግንነት ይህ ነው። ዶጋሊ ላይ ጠላትን አሸነፉ፤ አዲስ አበባ ላይ የገዛ ቂማቸውን አሸነፉ። ሁለተኛውን በሥዕል ያሳየ ፖስተር በየካቲት አይቼ አላውቅም። ቢሠራ በገዛ ገንዘቤ አሳትሜ ክፍል ውስጥ እሰቅለው ነበር።

“ባንዳ” የሚለውን ቃልም በዚህ መዝኑት። ዛሬ ሐሳቡ ያልጣመንን ሰው ሁሉ በአንድ መስመር ባንዳ እንላለን፣ ጉዳዩ ያልቅልናል። ባሕታ ሐጎስ የጣልያን አገልጋይ ነበሩ። ጣልያን የገበሬውን ርስት መንጠቅ ሲጀምር በ1887 ዓ.ም. አመፁበት፣ ሐላይ ላይ ተገደሉ። የአጋሜዎቹ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከጣልያን ጋር ነበሩ። ከዓድዋ ጦርነት ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ከዱትና ወደ ወገናቸው ተመለሱ፣ የጣልያንን የስንቅ መስመር እየመቱ ጄኔራል ባራቲየሪን አስጨነቁት። የመመለሻ በር ዘግተንባቸው ቢሆን ኖሮ ያ ስንቅ እንደልቡ ይገባ ነበር።

ደግሞ መቀሌ አለ። ጥር 1888 ዓ.ም. ነው። ጣልያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽገዋል፤ ምሽጉን በጥይት መስበር ብዙ ሰው አስጨረሰ። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ። ውኃው ተያዘ፣ የተጠማው ጠላት እጁን ሰጠ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይተርከዋል። ከዚያ ምኒልክ ምን አደረጉ? ጣልያኖቹን ከነመሣሪያቸው ለቀቋቸው፤ የሚጭኑበት አጋሰስ ጭምር ሰጥተው። የሰላም ድርድሩን በር ክፍት ማድረግ ፈልገዋል፤ የጣልያኑን ጦር ፊት ለፊት እያስኬዱም ሠራዊታቸውን ያለችግር ወደ ዓድዋ አዞሩ። እጅ የሰጠን ጠላት ከነጠመንጃው የለቀቀ መሪ ዛሬ ቢኖር ከማታ በፊት ስንት ሰው “ሸጠን” ይለው ነበር? ያንን ውሳኔ የማትረዳ አገር የዓድዋን ቀን ማክበር ትችል ይሆናል፤ ከዓድዋ በፊት ያለውን ወር ግን አታውቀውም።

ጠመንጃው በየትኛው መንገድ መጣ?

ወደ መናኸሪያው ልመልሳችሁ። እዚህ ላይ የምጽፈው ነገር ለሁለቱም ወገን አይጥምም። ግን በአዳማ የሚያስተምር ሰው ሊዘለው አይችልም፤ ክፍሌ ውስጥ ከሁለቱም መንገድ የመጡ ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ።

በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ የሸዋ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት አዙሌ ላይ አርሲዎችን ወጋ። አርሲዎች ከዓመት ዓመት የሚመጣውን ዘመቻ በጦርና በጋሻ፣ በፈረስ ሲመክቱ ቆይተው ነበር። በዚያኛው ወገን ግን ጠመንጃ በዝቶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን አሸንፈው ሐረር ገቡ። በዚያው ጥር ወር አሉላ ዶጋሊ ላይ ነበሩ። ሦስቱ ጦርነቶች የአምስት ወር ዕድሜ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱ የሆኑት ከአዳማ መናኸሪያ በሚነሱት በነዚያ ሁለት መንገዶች በኩል ነው። መጽሐፎቻችን ግን ሦስቱን በሦስት ምዕራፍ ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ አንባቢውም አንዱን የኔ፣ ሌላውን የነሱ ብሎ ያነባል።

ሐረር መያዙ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን የንግድ መንገድ ለምኒልክ ከፈተላቸው። በዚያ መንገድ የደቡብና የምዕራቡ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ወጣ፤ ጠመንጃና ጥይት ገባ። የሐረር ገዥ የሆኑት ራስ መኮንን በዚያ በር ከአውሮፓውያን ጋር የመነጋገርን ጥበብ ተማሩ፤ በ1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የቀዳሚው ጦር መሪ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ ሒሳቡ ቢጻፍ፣ ከፋዮቹ መካከል ጨለንቆና አዙሌ የወደቁት፣ ከዚያም ገባር ሆነው የቀሩት ይገኙበታል። ኢትዮጵያን ነፃ ያቆያት ድልና አርሲን ያቆሰለው ዘመቻ አንድ መዝገብ ላይ ያሉ ናቸው።

ይህንን ስል ዓድዋን አላሳንስም። በዓድዋ የምኮራ ሰው ነኝ፣ የካቲት 23 ጠዋት ልቤ ይሞላል። የምለው፣ መዝገቡን ለሁለት ቀደን ግማሽ ግማሹን ይዘን ስንጣላ ነው የምንኖረው። በ2006 ዓ.ም. በሄጦሳ ወረዳ የአኖሌ ሐውልት ሲመረቅ የተነሳውን ጭቅጭቅ አስታውሳለሁ። የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው፤ በዘመቻው ጡትና እጃቸው ተቆረጠ ለሚባሉት መታሰቢያ የቆመ። አንዱ ወገን ምንም አልሆነም አለ፤ ሌላው ወገን ለሆነው ነገር ዛሬ ጎረቤቱን ተጠያቂ አደረገ። በሁለቱም በኩል “የአካባቢው ሽማግሌዎች ምን ይላሉ? ቃሉ መቼ ተመዘገበ? የዘመኑ ጸሐፊዎች ስለ ዘመቻው ምን ጻፉ?” ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ለዓድዋ የምንጠይቀውን ማስረጃ ለአኖሌም እንጠይቅ፤ ለዓድዋ የምንሰጠውን ጆሮም ለአኖሌ እንስጥ። ከዚህ ያነሰ ጥናት ጥናት አይባልም።

ጀግኖቹ ራሳቸው በመዝገቡ በሁለቱም ገጽ አሉ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በምኒልክ ዘመቻ የተማረኩ የጨቦ ልጅ ናቸው፤ አድገው በዓድዋ ተዋጉ፣ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻም ከጦር ሜዳ የተወሰዱ ብላቴና ነበሩ። ገበየሁ ሲወድቅ ባልቻ ተተካ እያለ የዘፈነላቸው ሰው ይህንን ያውቅ እንደሆን እንጃ። እነዚህን ሰዎች የአንድ ወገን ብቻ ለማድረግ የሚሞክር ሰው ግማሽ ሕይወታቸውን መቁረጥ አለበት።

ከድሉ ማግስት

በማኅበራዊ ሚዲያ በየዓመቱ የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለ፦ ምኒልክ ለምን የመረብን ወንዝ ተሻግረው ጣልያንን ባሕር አልከተቱም? የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቀው፤ ክህደት ነው ይላል። እስቲ ስንቁን እንይ። ሠራዊቱ ከጥቅምት ጀምሮ ዘመቻ ላይ ነው። ከዓድዋ በፊት በነበሩት ቀናት ምግብ ከማለቁ የተነሳ ምኒልክ ሊመለሱ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ ባራቲየሪም እንዲሁ ስንቅ አልቆበት፣ ከሮም እየተነቀፈ ነው በሌሊት የተንቀሳቀሰው። የትግራይ ገበሬ ያን ሁሉ ሰው ሲመግብ ከርሟል፣ የክፉ ቀን ረሃብ ገና ከአካሉ አልወጣም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሞተዋል፣ ከዚያ የሚበልጡ ቆስለዋል። አዲግራት ላይ የጣልያን ጦር አለ፣ በጄኔራል ባልዲሴራ የሚመራ አዲስ ጦር እየወረደ ነው፣ ክረምቱ እየመጣ ነው። እኔ በቦታቸው ብሆን እሻገር ነበር ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ያለመሻገሩ ዋጋ ግን ነበረው፣ እሱንም ደብቀን ማስተማር የለብንም። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አረጋገጠ፤ ኤርትራ ግን በጣልያን እጅ ቀረች። ወሰኑን የወሰኑት በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የተፈረሙ ሦስት ውሎች ናቸው። ማን ያስታውሳቸዋል? ሆኖም ከግንቦት 1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተዋጋን በኋላ፣ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ወሰኑ በእነዚያው ሦስት ውሎች ይካለል አለ። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የወሰን ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ሰጠ። በባድመ ስንት ወጣት እንደወደቀ የሚያውቅ የአዳማ ሰው ብዙ ነው፤ የወሰኑ መስመር ከዓድዋ ማግስት በተጻፈ ወረቀት ላይ እንዳለ ግን ብዙዎቻችን የሰማነው ከቀበርን በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመጻፍም ይከብዳል። ከጣልያን ጋር ተሰልፈው የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤርትራና የትግራይ ተወላጅ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። በዘመኑ ሕግ የከዳተኛ ቅጣት ነው። ጣልያኖቹ ምርኮኞች ግን ተመግበው፣ ተጠብቀው፣ ኋላም ወደ አገራቸው ተሸኙ። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዴ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ “ለወንድም የጨከነው ለምንድን ነው?” አለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ሰሜኑ በጦርነት ሲነድ፣ ከዚያም ወዲህ በሌሎች ክልሎች የሚሆነውን ስሰማ፣ ያ ጥያቄዋ ይመጣብኛል። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲፈረም “ማን አሸነፈ?” ብለው ሲከራከሩ የሰማኋቸው ሰዎች፣ የመንገሻንና የአሉላን ድንጋይ ቢያስታውሱ ኖሮ ሌላ ነገር ይጠይቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጦርነትን መዘከር ብቻውን አደጋ እንዳለው ከጠላታችንም መማር ይቻላል። ሮም ውስጥ በዋናው ባቡር ጣቢያ፣ በተርሚኒ ፊት ለፊት፣ “የአምስት መቶዎቹ አደባባይ” የሚባል አለ። አምስት መቶዎቹ ዶጋሊ ላይ የወደቁት ናቸው። ጣልያን ለተሸነፉት ወታደሮቿ አደባባይ ሰየመች፣ ለምን እንደዘመቱ ግን አልጠየቀችም። ቂሙ አድጎ ዓድዋ ላይ ባሰባት። የዓድዋው ቂም ደግሞ አርባ ዓመት ቆይቶ በ1928 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝ ተመለሰብን። ያልተጠና ጦርነት ወራሽ አያጣም።

እኛም ቤት እንዲሁ ነው። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ወርሮን፣ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተይዛ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ፤ የኩባ ወታደሮች አብረውን ነበሩ። ፍትሐዊ ጦርነት ነበር፣ አገር ተወርሮ ነው የዘመትነው። ነገር ግን ደርግ ከዚያ ድል የተማረው ኃይል ሁሉን ይፈታል የሚለውን ነው። ያንኑ ጦር ወደ ኤርትራ አዞረ። ከተሞቹን ከአማጽያኑ አስመለሰ፣ ናቅፋ ግን እምቢ አለች፤ በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻም አልሆነም።

ከቤቴ ሁለት በር አልፎ የዚያ ዘመን የሚሊሺያ ዘማች የነበሩ ጋሼ አሉ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ በራቸው ሲዞር ዱካ አውጥተው ይቀመጣሉ። የሠፈሩ ልጆች የካቲት 26 ሲመጣ “ጋሼ፣ ስንት ገደሉ?” ይሏቸዋል። አንድም ቀን መልሰው አያውቁም። የሚናገሩት ስለ ውኃ ነው። ውኃው በበርሜል ይመጣ ነበር፤ በርሜሉ ቀድሞ ናፍጣ የተያዘበት ስለሆነ ውኃው ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር፤ በኮዳ ክዳን እየተሰፈረ ይጠጣ ነበር። “ክዳኗን እስካሁን በእጄ አውቃታለሁ” ይሉና አውራ ጣታቸውንና አመልካች ጣታቸውን አጠጋግተው ስፋቷን ያሳያሉ። ልጆቹ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። እኔ ግን ከዚያ ዱካ አጠገብ የተማርኩት ስለ ጦርነት ካነበብኩት ብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ስንቅና ውኃ ማን አመጣ፣ ከማን ተወስዶ መጣ፣ ሲያልቅ ምን ሆነ፤ ከዚህ የጀመረ ሰው ጦርነቱ ለምን እንደተነሳና ማን እንደከፈለለት ራሱ ይደርስበታል።

ለዚህ ነው ልጆቼን የጦር ሜዳውን ካርታ ከማስሳሌ በፊት ስንቁን የማስጠይቃቸው። ባለፈው የካቲት ከኢተያ መጥታ አዳማ አክስቷ ዘንድ የምትማር አንዲት ልጅ ለዓድዋ በዓል ካርቶን ላይ የጀግኖችን የፈረስ ስም ትጽፍ ነበር፦ አባ ዳኘው (ምኒልክ)፣ አባ ነጋ (አሉላ)፣ አባ ቃኘው (ራስ መኮንን)፣ አባ ነፍሶ (ባልቻ)። ለገና ቤተሰቧ ዘንድ ሄዳ አኮዋን (ሴት አያቷን) ስለ ድሮ ጦርነት ጠይቃ ነበርና ደብተሯን አወጣች። የአኮዋ አያት በሸዋ ዘመቻ ጊዜ ፈረሰኛ ነበሩ አሉ። እሳቸውም “አባ” ተብለው በፈረሳቸው ነው የሚጠሩት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤተሰቡ ነው።

ስሙን ከአራቱ በታች አክላ ጻፈችው፣ ከዚያ ቆም ብላ አየችው።

“ቲቸር፣ እነሱም እንደኛ ሰው በፈረስ ነው እንዴ የሚጠሩት?”

“አዎ። በኦሮሞም፣ በአማራም፣ በትግራይም ፈረሰኛ ዘንድ የነበረ ልማድ ነው።”

“የኛ አባትና እነዚህ ተዋግተው ይሆን?”

“ከነሱ ከአንዱ ጦር ጋር ተዋግተው ሊሆን ይችላል።”

ብዙ ዝም አለች። ማርከሩን በክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ትመታዋለች። “ታዲያ ማንን ከላይ ላድርግ?”

በየዓመታቸው ቅደም ተከተል ጻፊያቸው አልኳት። በጣቷ ቆጠረች፤ አዙሌ 1878፣ ዓድዋ 1888። ካርቶኑን ገለበጠችና ከላይ በአኮዋ አያት ስም እንደገና ጀመረች።